ምክንያቱ ያልታወቀ የካናቢስ ተክል ሕመም፦ ከቅጠሉ ቀለም በፊት የምመለከታቸው ነገሮች

በቤት ውስጥ የሚበቅል የካናቢስ ተክል ሲታመም ብዙውን ጊዜ ቶሎ አይሞትም። እድገቱ ይዘገያል፣ ቅጠሉ ይገረጣል ወይም ይጠቀለላል፣ ግንዱ ይቀጥናል፤ ባለቤቱም ውኃውን፣ መብራቱንና ማዳበሪያውን ሁሉ እንደ ደንቡ እየሰጠ መሆኑን ስለሚያምን ግራ ይገባዋል። እኔ በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት ፈቃድ ባለው የማምረቻ ቤት ውስጥ የተክሎችን ጤና በመከታተል ሥራ ላይ የተሰማራሁ ስለሆነ፣ የዚህ ዓይነቱ «ምንም ሳይጎድለው የታመመ» ተክል የዕለት ተዕለት ጉዳዬ ነው። በሜሪላንድ ከሐምሌ ወር 2023 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ 21 ዓመት የሞላው ሰው በቤቱ ሁለት ተክል እንዲያሳድግ ሕጉ ይፈቅድለታል፤ በዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ እስከ ስድስት ተክል ይፈቀዳል፣ ከእነዚህም ለአበባ የደረሱት ከሦስት መብለጥ የለባቸውም። በአገራችን ሕግ ግን ማምረቱም ሆነ መያዙ ወንጀል ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የምጽፈው በተፈቀደበት ቦታ ለሚያሳድጉ ሰዎች ብቻ መሆኑ ይታወቅልኝ።

ከምተዋወቃቸው ሰዎች የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በአንድ መልክ ነው የሚመጣው፦ የአንዲት ቢጫ ቅጠል ፎቶና «ምን ጎድሎት ነው?» የሚል አጭር መልእክት። ጥያቄው ራሱ መልሱን አስቀድሞ ወስኗል፤ የጎደለ ነገር እንዳለ፣ የጎደለውም በጠርሙስ ተሸጦ እንደሚገኝ ይገምታል። በእኔ ልምድ ከጉድለት ይልቅ መብዛት፣ ከመብዛትም ይልቅ ተክሉ ያለውን ነገር መውሰድ አለመቻሉ ይበዛል። ሥሩ የታመመ ተክል፣ አፈሩ በጨው የተሞላ ተክል እና የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነቱ ልክ) ከገደብ የወጣ ተክል ሦስቱም በቅጠላቸው ላይ የማግኒዥየም እጥረት የሚመስል ምልክት ሊያሳዩ ይችላሉ። ለሦስቱም ማግኒዥየም የሚጨምር ሰው ሁለቱን ቢያንስ ያባብሳቸዋል።

ስለዚህ ወደ አንድ ክፍል ስገባ በመጀመሪያ የማየው የሕመሙን ሥርጭት ነው። ወረቀት ላይ የክፍሉን ንድፍ እስልና የታመሙትን ተክሎች ምልክት አደርግባቸዋለሁ። ይህ ቀላል ሥራ ከማንኛውም የላቦራቶሪ ውጤት በፊት ብዙ ነገር ይናገራል። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ በአንድ ጊዜና በተመሳሳይ መልክ ከታመሙ፣ ምክንያቱ ሁሉም የሚጋሩት ነገር ነው፦ ውኃ፣ የማዳበሪያ ድብልቅ፣ አየር ወይም መብራት። የታመሙት በአንድ ጥግ ከተሰበሰቡ፣ እዚያ ያለውን ማራገቢያ፣ ማሞቂያ፣ የበር ክፍተት ወይም የመብራቱን ከፍታ እመረምራለሁ። በአንድ የውኃ መስመር ላይ ያሉት ብቻ ከሆኑ የተደፈነ የጠብታ መስኖ ጫፍ መኖሩን እጠረጥራለሁ። ሕመሙ ከአንድ ተክል ወደ ጎረቤቱ እያለ በዝግታ የሚስፋፋ ከሆነ ተባይ ወይም ተላላፊ በሽታ አለ ማለት ነው። አንድ ዝርያ ብቻ፣ ያውም በክፍሉ ውስጥ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ከታመመ ግን ዓይኔን ችግኞቹ ተቆርጠው ወደ ተወሰዱባት እናት ተክል አዞራለሁ፤ ወደዚህ ጉዳይ ኋላ እመለስበታለሁ።

ከሥርጭቱ ቀጥሎ ምልክቱ በየትኛው ቅጠል እንደጀመረ ማየት ያስፈልጋል። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም በተክሉ ውስጥ መንቀሳቀስ ስለሚችሉ፣ ሲያጥሩ ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ለአዲሱ ይሰጣል፤ ምልክቱም ከታች ይጀምራል። ካልሲየም፣ ብረት፣ ቦሮንና ማንጋኒዝ ግን አንዴ ከተቀመጡበት ቅጠል እምብዛም ስለማይንቀሳቀሱ እጥረታቸው በለጋው ቅጠል ላይ ይታያል። ይህንን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ የሚረሳው ግን በአበባ ጊዜ መጨረሻ ላይ የታችኛው ቅጠል ቢጫ መሆኑ ዕድሜ እንጂ ሕመም ላይሆን እንደሚችል፣ እንዲሁም ብርሃን የማያገኝ የውስጥ ቅጠል በራሱ ጊዜ እንደሚረግፍ ነው።

ከዚያ በኋላ መለካት ይመጣል፤ ከመለካት በፊት ደግሞ መለኪያውን ራሱን ማረጋገጥ ግድ ነው። የፒኤች መለኪያ ብዕር በ4.0 እና በ7.0 የማስተካከያ ፈሳሽ በየጊዜው ካልተስተካከለ፣ ጫፉም ደርቆ ከከረመ የሚያሳየው ቁጥር በእርግጠኝነት የተጻፈ ውሸት ነው። በአፈር ለሚያድግ ተክል ከ6.0 እስከ 6.8፣ በኮኮናት ቃጫ ወይም በውኃ ብቻ ለሚያድግ ደግሞ ከ5.5 እስከ 6.2 ያለው ፒኤች ተስማሚ ነው። ከዚህ በላይ ሲወጣ ብረት፣ ማንጋኒዝና ዚንክ አፈሩ ውስጥ እያሉ ለሥሩ የማይደርሱ ይሆናሉ፤ ከዚህ በታች ሲወርድ ደግሞ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይርቃሉ። እዚህ ላይ ሰውን የሚያሳስተው የሚጠጣውን ውኃ ፒኤች ብቻ መለካቱ ነው። ባይካርቦኔት የበዛበት ውኃ በባልዲው ውስጥ 6.0 ላይ ተስተካክሎ ቢሰጥ እንኳ፣ ቀሪው ባይካርቦኔት በማሰሮው ውስጥ ቀስ በቀስ ፒኤቹን ወደ ላይ ይገፋዋል። ስለዚህ ውኃ አጠጥቶ ከማሰሮው ሥር የሚፈሰውን መለካት፣ ከገባውም ጋር ማወዳደር ያስፈልጋል።

አንድ በዕድሜ የገፉ ጎረቤቴ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመማቸው ሁለት ተክል የሚያሳድጉ፣ በቅጠሎቹ ጫፍ ላይ ቡናማ ቃጠሎ አይተው ደውለውልኝ ነበር። «ልጄ፣ ካልሲየም ገዝቼ ልጨምርለት?» አሉኝ። «የለም ጋሼ፣ ለጊዜው ምንም አይጨምሩ፤ ውኃ ያጠጡትና ከሥር የሚወጣውን ይለኩልኝ» አልኳቸው። የፈሳሹ የጨው መጠን፣ በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ፣ ከሚያጠጡት ከሦስት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ተክሉ በምግብ መካከል ተቀምጦ ውኃ የተጠማው፣ በዙሪያው ያለው ጨው ውኃውን ከሥሩ ስለሚሻማው ነበር። መድኃኒቱም በንጹሕ፣ ፒኤቹ በተስተካከለ ውኃ አፈሩን አጥቦ ማዳበሪያውን መቀነስ ሆነ። የተቃጠለው ቅጠል ወደ አረንጓዴነት አይመለስም፤ መዳኑ የሚታወቀው በሚቀጥሉት አዳዲስ ቅጠሎች ነው፣ ይህም ትዕግሥት ይጠይቃል።

መለኪያዎቹ ሁሉ ደህና ሆነው ተክሉ አሁንም ከታመመ ሥሩን ማየት ነው። ብዙ ሰው ይህን ይፈራል፤ ነገር ግን የማሰሮው አፈር በመጠኑ ሲደርቅ ተክሉን ገልብጦ ማውጣት አይጎዳውም። ጤነኛ ሥር ነጭ ወይም ክሬም መልክ ያለው፣ ጠንካራ፣ የአፈር ሽታ ያለው ነው። ፒቲየም በተባለ ሥር አበስባሽ ተዋሲያን የተጠቃ ሥር ቡናማ ይሆናል፤ በጣት ሲሳብ የላይኛው ሽፋኑ ተልጦ ክር የመሰለው መሃሉ ብቻ ይቀራል። ፒቲየም ሞቃትና አየር ያነሰበት ውኃ ይስማማዋል። ውኃ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በአንድ ሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ፣ በ30 ዲግሪ ከ8 ሚሊግራም በታች ይወርዳል፤ የሥሩ የኦክስጅን ፍላጎት ግን በሙቀት ይጨምራል። ስለዚህ በሞቃት ክፍል፣ በትልቅ ማሰሮ፣ በየቀኑ የሚጠጣ ትንሽ ተክል መጠውለጉ አያስገርምም፤ የጠወለገውን ተክል የተጠማ መስሎት ውኃ የሚጨምር ሰው ደግሞ ሥራውን ይጨርሰዋል። ማሰሮውን አንስቶ ክብደቱን በእጅ መገመት፣ ለዚህ ጉዳይ ከብዙ መሣሪያ ይበልጣል።

በአፈሩ ላይ የሚያንዣብቡ ትናንሽ ጥቁር ትንኞች ካሉ፣ ጉዳቱን የሚያደርሱት ከላይ የሚበሩት ሳይሆኑ ከታች ሥር የሚበሉት እጮቻቸው ናቸው። መኖራቸውን ለማወቅ የተላጠ ድንች ቆርጦ በአፈሩ ላይ ማስቀመጥና ከሁለት ቀን በኋላ ገልብጦ ማየት ይበቃል፤ እጮቹ ከሥሩ ተሰብስበው ይገኛሉ።

በዓይን የማይታዩትን ተባዮች በተመለከተ ትንሽ ማብራራት ይኖርብኛል፤ ምክንያቱም «ተባይ የለም፣ አይቻለሁ» የሚለውን ቃል በጥርጣሬ ነው የምሰማው። የካናቢስ ራሰት ማይት የሚባለው ተባይ ርዝመቱ 0.2 ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ያለ አጉሊ መነፅር ሊታይ አይችልም። የቅጠሉ ጠርዝ ወደ ላይ ይጠቀለላል፣ ግንዱ የደበዘዘ ነሐስ መልክ ይይዛል፤ ሰውም ይህን አይቶ የሙቀት ወይም የማዳበሪያ ጉዳት ነው ይላል። ብሮድ ማይት የሚባለው ደግሞ ለጋውን ጫፍ ያጣምመዋል። 60 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነፅር ይዞ የቅጠሉን ጀርባና የለጋውን ጫፍ መመርመር ያስፈልጋል። ክሽክሽም በቅጠል ላይ ብቻ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ፤ በሥር ላይ የሚኖር ዓይነት አለ፣ ተክሉን ከማሰሮው ሳያወጡ አይገኝም።

ሳይለዩ መርጨት ግን ከተባዩ የባሰ ችግር ያመጣል። ካናቢስ በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ለረጅም ዘመን የተከለከለ በመሆኑ፣ እንደ ቲማቲምና ድንች በፌዴራል መሥሪያ ቤት ተጠንቶ የተመዘገበለት ፀረ ተባይ አልነበረውም፤ ግዛቶች ናቸው የየራሳቸውን የተፈቀደ ዝርዝር ያወጡት። ይህ ተክል የሚታጨስ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። ማይክሎቡታኒል የተባለው ፀረ ፈንገስ በወይን እርሻ ላይ የተለመደ ቢሆንም ሲቃጠል ሃይድሮጅን ሳያናይድ የተባለ መርዝ ስለሚያወጣ በካናቢስ ላይ የሚከለከለው ለዚህ ነው።

አየሩም የራሱ ሕመም አለው። ብዙዎች የድሮውን የሶዲየም መብራት ትተው ወደ ኤልኢዲ ሲሸጋገሩ፣ ክፍሉን በቀድሞው ሙቀት ላይ ትተውት ተክሎቻቸው የካልሲየም እጥረት ያሳዩባቸዋል። ምክንያቱ ይኸው ነው፦ የሶዲየም መብራት ቅጠሉን በቀጥታ ያሞቀው ነበር፤ ኤልኢዲ ይህን ሙቀት ስለማይሰጥ ቅጠሉ ይቀዘቅዛል፣ ትነቱም ይቀንሳል። ካልሲየም ደግሞ ከሥር ወደ ቅጠል የሚጓዘው በትነት ከሚሳበው ውኃ ጋር ብቻ ነው። ስለዚህ በማሰሮው ውስጥ የተትረፈረፈ ካልሲየም እያለ ለጋው ቅጠል ይራባል። መፍትሔው የክፍሉን ሙቀት ወደ 27 ወይም 28 ዲግሪ ማድረስና እርጥበቱን መቆጣጠር እንጂ ጠርሙስ መግዛት አይደለም። አየሩ በጣም ሲደርቅ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፤ ተክሉ ውኃ እንዳያልቅበት የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል፣ እድገቱም ይቆማል።

ከዚህ ቀጥለው የሚመጡት ብርቅ የሆኑት ምክንያቶች ናቸው፤ ሐቀኛ ለመሆን ያህል እኔ ከሁሉም በላይ የምወዳቸው እነርሱን ነው። በክፍሉ ውስጥ በጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማመንጫ ካለና ጋዙ በደንብ የማይነድ ከሆነ፣ ኤትሊን የተባለ ሽታው የማይለይ ጋዝ ይወጣል። በጣም ጥቂቱ እንኳ የቅጠሎቹን ዘንግ ወደ ታች ያጎነብሳል፣ አበባውን ያበላሻል። ይህን ለመፈተሽ የቲማቲም ችግኝ በክፍሉ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ቲማቲም ለኤትሊን እጅግ ስሱ ስለሆነ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ከዘንጉ ጀምሮ ካጎነበሰ ማሞቂያውን ማጥፋት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ማሞቂያ ካርቦን ሞኖክሳይድም ሊያወጣ ስለሚችል ጉዳዩ የተክል ብቻ አይደለም።

ሌላው ከኮምፖስት ጋር የሚመጣ የአረም መድኃኒት ነው። ክሎፒራሊድና አሚኖፒራሊድ የተባሉት መድኃኒቶች በግጦሽ ሣር ላይ ይረጫሉ፤ ከብቱ ሣሩን ቢበላ፣ ፍጉም ቢብላላ ሳይፈርሱ ይቆያሉ። እንዲህ ባለ ኮምፖስት የተተከለ ተክል ለጋ ቅጠሉ ይጠበብና ይጣመማል፣ ምንም ዓይነት ማዳበሪያም አያስተካክለውም። መፈተሻው ለእኛ ሰው ቅርብ ነው፦ በተጠረጠረው አፈርና በንጹሕ አፈር ላይ ጎን ለጎን ባቄላ መዝራት። የጥራጥሬ ዘር ለእነዚህ መድኃኒቶች ከሁሉ የበለጠ ስሱ ስለሆነ፣ የአንዱ ማሰሮ ባቄላ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ሲወጣ የሌላው ደህና ከሆነ ፍርዱ ተሰጠ።

ስለ ውኃም ልጨምር። የዋሽንግተን ዲሲ የቧንቧ ውኃ ከ2000 ጀምሮ የሚታከመው በክሎራሚን፣ ማለትም በክሎሪንና በአሞኒያ ውህድ፣ ነው፤ በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ክሎሪን ይመለሳል። ክሎሪን በባልዲ ውስጥ አድሮ ይተናል፣ ክሎራሚን ግን በአንድ ሌሊት አይሄድም። በአፈር ለሚያድግ ተክል ይህ ብዙም አያሳስብም፤ በውኃ ብቻ ለሚያሳድግና በውኃው ውስጥ ጠቃሚ ባክቴሪያ ለሚያኖር ሰው ግን ያሳስባል፣ ጥቂት አስኮርቢክ አሲድም ያስወግደዋል።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ሥሩ ነጭ፣ ፒኤቹ ልክ፣ አየሩ ደህና፣ ተባይም የሌለ ሆኖ አንድ ዝርያ ብቻ መቀጨጩን ከቀጠለ፣ ጥርጣሬዬ ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ይወድቃል፦ የሆፕ ድብቅ ቫይሮይድ። ሆፕ፣ እኛ ለጠላ ጌሾ እንደምንጨምረው ሁሉ፣ ለቢራ የሚጨመር ሐረግ ነው፤ ከካናቢስ ጋር በአንድ የተክል ቤተሰብ ስለሚመደቡ በሽታም ይጋራሉ። ቫይሮይድ ደግሞ ከቫይረስ ያነሰ ነገር ነው። መጀመሪያ ያገኘው ቴዎዶር ዲነር የተባለ ሳይንቲስት ሲሆን፣ እርሱም በ1971 የድንች በሽታ ሲመረምር እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ በቤልትስቪል የግብርና ምርምር ማዕከል ይሠራ ነበር። ከሥራ ስመለስ በዚያ ሰፊ ማሳ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር አስበዋለሁ። የሆፕ ድብቅ ቫይሮይድ 256 የዘረመል ፊደል ብቻ ያለው፣ አርኤንኤ ከተባለው የዘረመል ንጥረ ነገር የተሠራ ክብ ክር ነው፤ የፕሮቲን ልባስ የለውም፣ ራሱም ፕሮቲን አያሠራም፤ የሚባዛው በተክሉ በራሱ መሣሪያ ነው። በካሊፎርኒያ ካናቢስ ላይ የችግሩ ምንጭ መሆኑ በሳይንሳዊ ጽሑፍ የተገለጸው በ2019 ነበር፤ ከዚያ በፊት አብቃዮች ተክሎቻቸው ለምን እንደሚከስሙ ሳያውቁ ለዓመታት ማዳበሪያ ሲቀያይሩ ኖረዋል።

ድብቅ መባሉ በምክንያት ነው። የተያዘችው እናት ተክል ለወራት ምንም ምልክት ላታሳይ ትችላለች፤ ከእርሷ የተቆረጡት ቅርንጫፎች ሁሉ ግን በሽታውን ይዘው ይሄዳሉ። ሥር ለማውጣት ይዘገያሉ፣ ቅርንጫፎቻቸው ወደ ላይ ከመቆም ይልቅ ወደ ጎን ይዘረጋሉ፣ ግንዳቸው በቀላሉ ይሰበራል። አበባ ሲመጣ ፍሬ ነገሩ ይገለጣል፤ አበባው ትንሽና ልል ይሆናል፣ በላዩ የሚታየው ሙጫማ ፀጉርም ይሳሳል፣ ካናቢስ የሚፈለግበት ንጥረ ነገር መጠንም በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። ከአንድ እናት የተቆረጡ ሁሉ በአንድ ጊዜ ላይታመሙ መቻላቸው ደግሞ ሰውን «ይኼኛው ደህና ሆኖ ያኛው ለምን?» እያሰኘ ወደ አፈርና ወደ ውኃ ይመልሰዋል።

ምርመራው የዘረመል ቅንጣትን አባዝቶ በሚለየው የላቦራቶሪ ዘዴ፣ በፒሲአር ነው፤ የትኛው የተክሉ ክፍል እንደሚላክ ግን ውጤቱን ይወስናል። ቫይሮይዱ በተክሉ ውስጥ እኩል አይሰራጭም። በሥሩ ውስጥ ያለው መጠን በቅጠሉ ካለው ስለሚበልጥ፣ ከቅጠል ብቻ ተወስዶ «ነፃ ነው» የተባለ ተክል በሥሩ ተመርምሮ የተያዘ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ከሥር ናሙና እልካለሁ፣ አንድ ጊዜ ነፃ ቢባልም ከሳምንታት በኋላ እደግመዋለሁ፤ አዲስ የሚገዛ ችግኝም ውጤቱ እስኪታወቅ ከሌሎቹ ተለይቶ በሌላ ክፍል ይቆያል።

ዋናው የመተላለፊያ መንገድ መቀሱ ነው። ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሄድ በአልኮል የሚጠርግ ሰው ባክቴሪያና ፈንገስ ይገድል ይሆናል፣ ቫይሮይዱን ግን አያጠፋውም። የቤት ማጽጃ በረኪና፣ አንድ እጁን ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅሎ መቀሱን መንከር ያስፈልጋል። ብረቱን ስለሚያዝገው ሁለት ሦስት መቀስ እየተፈራረቁ መጠቀም፣ በመጨረሻም በውኃ አለቅልቆ በዘይት ማበስ ይሻላል። በረኪናው በየቀኑ አዲስ መበጥበጥ አለበት፤ ያደረ ድብልቅ ኃይሉ ይደክማል።

ለተያዘ ተክል የሚረጭም ሆነ የሚጠጣ መድኃኒት የለም። ከተክሉ ጫፍ እምብርት ጥቂት ሕዋሳት ተወስደው በላቦራቶሪ ንጹሕ ተክል ማሳደግ የሚቻልበት ጊዜ አለ፤ ያም ተክል ደግሞ ደጋግሞ መመርመር አለበት፣ ለሁለት ተክል ባለቤትም ወጪው አይመጥንም። በቤቱ የሚያሳድግ ሰው ተክሉን ከነማሰሮው አፈር በከረጢት አስሮ ይጥለዋል፤ ማሰሮውን፣ ሳህኑንና መደርደሪያውን በበረኪና አጥቦ ያደርቃል፤ ቀጥሎ የሚተክለውንም ከሌላ ምንጭ፣ የምርመራ ወረቀቱን አይቶ ይገዛል። ከዘር የሚጀምር ሰው አደጋው ይቀንስለታል እንጂ አይጠፋለትም፣ ቫይሮይዱ በዘርም ሊተላለፍ ይችላልና።